ያልተጠየቀው ዋስ

ሊምፎማ የያዘውን ልጅ ከሞት ለመመለስ ሐኪም እጅ ላይ ያሉት ዋና ዋና መሣሪያዎች ኬሞና ጨረር ናቸው። አንዱ በደም ሥር ገብቶ መላ ሰውነትን የሚያዳርስ መርዝ ነው፤ ሌላው በተለካ ቦታ ላይ ብቻ የሚያርፍ የማይታይ ብርሃን ነው። ስለ ልዩነታቸው ሲጠየቅ ብዙ ሰው የሚመልሰውም ይህንኑ ነው፤ ኬሞ ሁሉን ይነካል፣ ጨረር አንድ ቦታን ይነካል። መልሱ ስሕተት የለበትም። ለስድሳ ዓመት ሰው ይበቃል። ለሰባት ዓመት ልጅ ግን አይበቃም። ልጅ ገና በማደግ ላይ ያለ አካል ስለሆነ፣ ዛሬ የነካነው ነገር ምን እንደነበረ የሚታወቀው ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ምርጫ እንደ ዘመን ጥያቄ አድርጌ ላየው እፈልጋለሁ። የትኛውን የአካል ክፍል እንነካለን ከማለት አልፎ፣ ከልጁ ዕድሜ የትኛውን እናስከፍለዋለን ብሎ መጠየቅ ይገባል።

መርዝ ያልሁት ለማጋነን አይደለም። ኢትዮጵያዊ አንባቢ የዚህን መድኃኒት ዘመድ ያውቀዋል። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ በራስ እምሩ ጦር ላይ የጣሉት ነገር ሲሰበር የወጣው ፈሳሽ የሰናፍጭ ጋዝ ነበር። የነካው ቆዳ ያብጣል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ይላጣል፤ ዓይን ይጨልማል፤ የተነፈሰው ሰው ሳንባው ይቃጠላል። ኢጣሊያ እንዲህ ያለውን መሣሪያ የሚከለክለውን፣ እ.ኤ.አ. የ1925ቱን የጄኔቫ ስምምነት ፈርማ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ለዓለም ካሰሙት አቤቱታ አንዱ ዋና ክፍል ስለዚሁ ጋዝ ነበር። ይህ ጋዝ በቆዳ ላይ ከሚታየው ቁስል ሌላ በውስጥ የሚሠራው ሥራ አለ። መቅኔን ያደርቃል፣ ነጭ የደም ሕዋሳትን ይጨርሳል። ሐኪሞች ይህን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጉዳተኞች ደም አይተው እ.ኤ.አ. በ1919 ጽፈውታል፤ ብዙ ሰው ግን ልብ አላለውም።

ልብ ያሉት በዬል ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሉዊስ ጉድማንና አልፍሬድ ጊልማን ናቸው። ሐሳባቸው ቀላል ነበር፤ ነጭ ሕዋስን የሚፈጅ ነገር ከነጭ ሕዋስ የሚነሣውን ካንሰርስ ለምን አይፈጅም? በጋዙ ውስጥ ያለው ሰልፈር በናይትሮጅን የተተካበትን ዘመዱን ይዘው፣ መጀመሪያ በአይጥ ላይ ሞከሩ፤ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1942 የሊምፎማ ዕጢ አንገቱንና መንጋጋውን ለሞላው አንድ ታማሚ ሰጡት። ሰውየው አስቀድሞ ጨረር ተሰጥቶት ነበር። ጨረሩ መጀመሪያ ረድቶት፣ ኋላ ዕጢው እንቢ ብሏል። አዲሱ መድኃኒት በጥቂት ቀናት ውስጥ ዕጢውን አሟሟው፤ ዕጢው ግን ተመልሶ መጣ፣ ሰውየውም በዚያው ዓመት ሞተ። ነገሩ የጦርነት ምሥጢር ስለነበር እስከ 1946 ድረስ አልታተመም። በመሐል እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1943 የጀርመን አውሮፕላኖች የኢጣሊያን የባሪ ወደብ ሲደበድቡ፣ ጆን ሃርቪ የተባለው የአሜሪካ መርከብ በድብቅ የጫነው የሰናፍጭ ቦምብ ባሕሩ ላይ ፈሰሰ። ከ600 በላይ ሰዎች ተጎድተው ሆስፒታል ገቡ፤ ከ80 በላይ የሚሆኑት ሞቱ። ስቱዋርት አሌክሳንደር የተባለው ወታደር ሐኪም ደማቸውን ሲመረምር ያገኘው የነጭ ሕዋስ መጥፋት ዬሎች ያዩትን አጸናው።

ከክፉ ነገር በጎ ወጣ ብሎ የሚጽናና አንባቢ ይኖራል። እኔ በዚህ አልጽናናም። በተከዜ ዳር የተቃጠለ ገበሬ፣ ከዓመታት በኋላ በሌላ አገር አንድ ልጅ ስለዳነ ፍርዱ አይቀርለትም። ይልቅ የሚያስደንቀኝ መርዙ ሆስፒታል ገብቶ ጠባዩን አለመለወጡ ነው። በልጁ ደም ሥር ውስጥም የሚሠራው ያንኑ ነው፤ የሕዋሱን ዲኤንኤ ጠፍሮ ያስራል፣ እንዳይባዛ ያደርገዋል፣ ይገድለዋል። የተለወጠው በዙሪያው ያለው ሰው ነው። የሚለካ ሰው አለ፤ ደም እየመረመረ ነገ ይሰጥ ወይስ ይቆይ የሚል ሰው አለ፤ በቃ የሚል ሰው አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚሰጠው ሰው ለሚቀበለው ሰው ተጠያቂ ነው። ይህ ተጠያቂነት ከተነሣ መድኃኒቱ ወዲያው ወደ ቀድሞ ማንነቱ ይመለሳል። እንግዲህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ተጠያቂነቱ ለማን ነው የሚለው ነው። ፊታችን አልጋ ላይ ለተኛው ልጅ ብቻ ነው?

በ1964 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ቪንሰንት ዴቪታና ጓደኞቹ ከዚሁ የናይትሮጅን ሰናፍጭ ጋር ሌሎች ሦስት መድኃኒቶችን አጣምረው ለሆጅኪን ሊምፎማ መስጠት ጀመሩ። ከሦስቱ አንዱ ቪንክሪስቲን ነው፤ ከማዳጋስካር አበባ የሚወጣ። ሞፕ የተባለው ይህ ቅንጅት ዕጢው በመላ ሰውነት የተሰራጨበትን ታማሚ ሳይቀር ሊያድን እንደሚችል በ1970 ታተመ። ጥቂት ቆይቶ ጃኒ ቦናዶና ሚላን ላይ ሌላ ቅንጅት ሠራ፤ የዚያም ምሰሶ ዶክሶሩቢሲን ነው። የዚህ መድኃኒት ቤተሰብ የመጀመሪያ ምንጭ በደቡብ ኢጣሊያ፣ በካስቴል ዴል ሞንቴ አጠገብ ከተዘገነ አፈር የተገኘ ባክቴሪያ ነው። ያ ቦታ ከባሪ ብዙም አይርቅም። እንዲህ ያለ መገጣጠም ምንም አያስረዳም፤ ሆኖም ካወቅሁት ወዲህ የዚያን አገር ካርታ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ እዚያው ላይ ይቆማል።

ዶክሶሩቢሲን ቀይ ነው። በሲሪንጁ ውስጥ ሲታይ የበሰለ ቀይ ሥር ውኃ ይመስላል። ነርሷ ቀስ እያደረገች በደም ሥር ታስገባዋለች፤ ከደም ሥር ወጥቶ ሥጋ ከነካ ያቆስላልና ዓይኗን አትነቅልም። ልጁ በዚያው ቀን ሽንት ቤት ገብቶ ሽንቱ ቀልቶ ሲያይ፣ አስቀድሞ ካልተነገረው ደም መስሎት ይጮኻል። ቀጥሎ ማስመለስ አለ፣ አፍ መቁሰል አለ፣ ጠዋት ትራሱ ላይ የሚቀር ፀጉር አለ። ይህ ሁሉ ግን በሰው መካከል ነው። እናት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እጁን ይዛለች፤ ነጠላዋ ላይ ቢያስመልስም ትጠርገዋለች።

የጨረር ክፍል እናትን አያስገባም። ልጁ በቀለም መስመር በተሰመረበት ደረቱ ጠረጴዛው ላይ ይጋደማል፤ አንገቱ እንዳይነቃነቅ በፊቱ ልክ የተሠራ ጭንብል ይታሰርበታል። ከዚያ ሁሉም ሰው ይወጣል፣ ከባዱ በር ይዘጋል። አያምም፣ አይሸትም፣ አይታይም። ባለሙያዋ በካሜራ እያየችው በድምፅ ማጉያ ታወራዋለች። በጣም ትንሽ ልጅ ከሆነ መታገሥ ስለማይችል በማደንዘዣ ያስተኙታል። ደቂቃዎቹ ጥቂት ናቸው፤ በማግሥቱ ግን ይደገማሉ፣ በሳልስቱም። ሕመም የሌለው ሕክምና ነው፣ ልጅ ግን ብቻውን የሚገባበት ነው። ኬሞ ብዙ ያሳምማል፤ ሆኖም አያሳምም የተባለውን ክፍል የሚፈራ ልጅ ጥቂት አይደለም።

ቶማስ ሆጅኪን እ.ኤ.አ. በ1832 ለንደን ላይ በሽታውን ገልጾ ከጻፈበት ጊዜ አንሥቶ ከመቶ ዓመት በላይ በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው በአብዛኛው ይሞት ነበር። ይድናል ብሎ ለመናገር መጀመሪያ የደፈረው ጨረር ነው። ቬራ ፒተርስ የተባለች ሐኪም ቶሮንቶ ላይ የብዙ ዓመት መዝገብ አገላብጣ፣ በሽታው ገና ሳይሰራጭ በቂ ጨረር ያገኙ ሰዎች እንደሚድኑ በ1950 አሳየች። ሄንሪ ካፕላን ደግሞ ስታንፎርድ ላይ ሊኒየር አክስለሬተርን ለሕክምና አብቅቶ፣ ከአገጭ ሥር እስከ ሆድና ደረት ወሰን ድረስ ያሉትን የሊምፍ ዕጢዎች በሙሉ በአንድነት የሚያዳርስ ሰፊ ጨረር ሰጠ። መጠኑ በጨረር መለኪያ ወደ 44 ግሬይ ይደርስ ነበር። ሰዎች ዳኑ። ልጆችም ዳኑ። ይህን በቸልታ ማለፍ ግፍ ነው። በዚያ ዘመን ጨረሩን የሰጡት ሰዎች ጨካኞች አልነበሩም፤ ሞት የቆረጠለትን ልጅ መልሰው ለእናቱ የሰጡ ናቸው።

ልጆቹ አደጉ። ያን ጊዜ ጨረሩ ያረፈባቸው አጥንቶች አብረዋቸው እንዳላደጉ ታየ። አንገቱ የቀጠነ፣ ትከሻው የጠበበ፣ እግሩ እንደ እኩዮቹ ረዝሞ ከወገቡ በላይ ያጠረ ጎልማሳ ሆነ። የታይሮይድ ዕጢያቸው ደከመ። ልባቸው ያለ ዕድሜው አረጀ። ከሁሉ የከፋው እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመው ነው፤ በልጅነታቸው ለሆጅኪን የታከሙ 1,380 ሰዎችን የተከታተለ ጥናት፣ ከሴቶቹ ውስጥ 40 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ የጡት ካንሰር የሚይዛቸው 35 በመቶ ሊደርሱ እንደሚችሉ ገመተ። በኋላ ክትትሉ ሲረዝም ግምቱ ዝቅ ብሏል፤ ዝቅ ያለውም ቢሆን ከሌሎች ሴቶች ጋር አይወዳደርም። በአሥራ ሦስት ዓመቷ የዳነች ልጅ በሠላሳ አምስት ዓመቷ፣ ምናልባት ሕፃን እያጠባች፣ በዚያው ባዳናት ጨረር ምክንያት እንደገና ትታመማለች።

እዚህ ላይ ነው ዋስ የሚለው ነገር የሚመጣብኝ። በአገራችን ሰው ገንዘብ ሲበደር ዋስ ይጠራል፤ ዋሱ ቀርቦ፣ ሰምቶ፣ እሺ ብሎ ይፈርማል። ተበዳሪው ቢያቅተው የሚከፍለው እሱ ነው። ልጅ ሲታከም ሐኪሙና ወላጁ ከሞት ላይ ጊዜ ይበደራሉ፤ ዋስ ሆኖ የሚቆመው ደግሞ ያ ልጅ ወደፊት የሚሆነው ሰው ነው። የሠላሳ አምስት ዓመቷ ሴት በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረችም። ማንም አልጠየቃትም። ሊጠይቃትም አይችልም፣ ገና አልተፈጠረችማ።

ወላጅ ለልጁ ሁልጊዜ ይወስናል የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ስም ያወጣለታል፣ በአርባ ቀኑ ወይም በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያስነሣል፣ የክርስትና አባት በሕፃኑ ፋንታ ይመልሳል፤ ትምህርት ቤት ይመርጥለታል። ነገር ግን አድጎ ስሙን ሊለውጥ ይችላል፣ የተሰጠውን ትምህርት ሊተው ይችላል፣ እምነቱንም ቢሆን ራሱ ያጸናዋል ወይም ይተወዋል። ደረቱ ላይ ያረፈውን 40 ግሬይ ግን ሊመልስ አይችልም። ወላጅ ለልጁ ከሚወስናቸው ነገሮች ሁሉ ይህ የተለየው በዚህ ነው፤ የኋላ ኋላ እምቢ ማለት የማይቻልበት ውሳኔ ነው።

ኬሞስ? ጨረርን ትተን ኬሞ ብቻ እንስጥ ቢባል ዋሱ ነፃ ይወጣል? አይወጣም። ሞፕን የተቀበሉ ወንዶች ልጆች አብዛኞቹ አድገው መውለድ አቃታቸው፤ የዚህ ዋና ምክንያቶች ሰናፍጩና ሌላው የቅንጅቱ መድኃኒት ፕሮካርባዚን ነበሩ። ሰናፍጩ አንዳንዱን ወደ ደም ካንሰር መራው። ያ ቀዩ ዶክሶሩቢሲን ጠቅላላ መጠኑ ሲበዛ የልብን ጡንቻ ያደክማል፤ ደረት ላይ ጨረር ከተጨመረበት ደግሞ ጉዳቱ ይደራረባል። በቦናዶና ቅንጅት ውስጥ ያለው ብሊዮማይሲን ሳንባን ይነካል። አንዱን ንጹሕ ሌላውን በደለኛ አድርጎ ማቅረብ ወላጅን ማታለል ነው። ለዚህም ይመስለኛል የሕፃናት ሐኪሞች ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ትተው ሁለቱንም ማሳነስ የያዙት። ሣራ ዶናልድሰን በዚያው በስታንፎርድ ለልጆች ኬሞ ጨምራ ጨረሩን እንደ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 25 ግሬይ ዝቅ አደረገችው። ልጆቹም ዳኑ፣ አጥንታቸውም የተሻለ አደገ። ለማሳነስ የተደረገ ሙከራ ሁሉ ግን አልሠመረም። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የወንዶቹን የመውለድ አቅም ለማዳን ፕሮካርባዚንን አውጥተው ምትክ ሳያስገቡ ቀሩ፤ በሽታው የሚመለስባቸው ልጆች በዙ። በኋላ በቦታው ኤቶፖሳይድ የተባለ መድኃኒት ገባ፣ ነገሩም ተስተካከለ። ለነገው ሰው ያዘነ ሐኪም የዛሬውን ልጅ አደጋ ላይ ሊጥል እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

አሁን አንድ ጥናት ላይ ልቆይ፤ ነገሩ በሙሉ እዚያ ውስጥ አለና። የአሜሪካው የሕፃናት ኦንኮሎጂ ግሩፕ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2009 መካከለኛ ደረጃ ላይ የደረሰ ሆጅኪን የያዛቸውን 1,712 ልጆችና ወጣቶች መዘገበ። ሁሉም ኬሞ ተሰጣቸው። ከእነሱ ውስጥ በሽታቸው ቶሎ የቀነሰና ኬሞው ሲያልቅ ሙሉ በሙሉ የጠፋላቸው በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሹ ጨረር ተጨመረለት፣ ግማሹ አልተጨመረለትም። ከአራት ዓመት በኋላ ጨረር ካገኙት ውስጥ ያለ አንዳች ችግር የቆዩት 87.9 በመቶ፣ ካላገኙት 84.3 በመቶ ሆኑ። ልዩነቱ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነው። እውነተኛ ነው ብለን እንያዘውና ግን በመቶ ልጅ እንቁጠረው። ጨረር ካገኙት መቶ ልጆች 84ቱ ያለ ጨረሩም ደኅና ይሆኑ ነበር። ወደ 12 የሚሆኑት ጨረሩን አግኝተውም አልሆነላቸውም። ጨረሩ የጠቀመው አራቱን ነው። አራቱ እነማን እንደሆኑ ግን ማንም አያውቅም፤ ዕጣው ከወጣም በኋላ አይታወቅም።

ሰማንያ አራቱ ለአራቱ ሲሉ ተቃጠሉ ማለት ይቻላል? እንዲህ ሲባል ብሰማም አልቀበለውም። ሌላውን ለማዳን ጨረር የተቀበለ ልጅ የለም። እያንዳንዱ ከአራቱ አንዱ ሊሆን እንደሚችል ታስቦ ለራሱ የተሰጠው ነው። ክብደቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ጨረር ሳያገኙ በሽታው የተመለሰባቸው ልጆች አብዛኞቹ በሁለተኛ ሕክምና ይድናሉ፤ ስለዚህ በሕይወት መቆየትን ብቻ ብንቆጥር ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙት በጣም ተቀራርበው ነው። በጥናቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ ከአራት ዓመት በኋላ 97.8 በመቶው በሕይወት ነበሩ። ምርጫው እንግዲህ እንዲህ ይሆናል፤ ሁሉንም ልጆች አስቀድሞ ትንሽ መጉዳት፣ ወይስ ጥቂቶቹን በኋላ ብዙ መጉዳት?

እናት በመቶ ልጅ አትቆጥርም። ያላት አንድ ነው። ቁጥሩን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ፣ «ዶክተር፣ የርስዎ ልጅ ቢሆን የቱን ያደርጉ ነበር?» ትላለች። ይህን ጥያቄ የሚሸሹ ሐኪሞች አሉ፤ ሳይንስ አይደለም ይላሉ። እኔ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ከሚነሡት ጥያቄዎች ሁሉ ትክክለኛው እሱ ይመስለኛል። ቁጥሩን የሚናገረውን ሰው ከውጤቱ ጋር ታስረዋለች፤ ቅድም ያልሁትን ተጠያቂነት በስሙ እየጠራች ነው። ሐኪሙ መመለስ አለበት። ሲመልስ ደግሞ ሌላ ነገር አብሮ ቢነግራት እወዳለሁ፤ ይህ ልጅ አርባ ዓመት ሞልቶት ከፊታችን ቢቀመጥ ምን ይለን ነበር ብለን አብረን እናስብ ቢላት።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሚከሰን የአርባ ዓመት ሰው ለመክሰስ የበቃው በመዳኑ ነው። ያልዳነው ልጅ አይከስም፤ አርባ ዓመት ሞልቶት በየትኛውም ክሊኒክ በራፍ አይቆምም፣ በየትኛውም የክትትል ጥናት ውስጥ አይቆጠርም። የተረፉትን ስሞታ ብቻ የምንሰማ ከሆነ የሞቱት ዝምታ እንደ እርካታ ይቆጠርብናል። ስለዚህ የነገውን ሰው፣ ልጅነትህን ስላቃጠልንብህ ይቅር በለን ማለት ብቻውን ትርጉም የለውም። በሕይወት ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይቅር ይላል፤ መኖር ይሻላላ። ሊጠይቀን የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ከሚያስፈልጋችሁ በላይ በስሜ ተበድራችኋል ወይ? ግድ የሆነው ዕዳ በደል አይደለም። በደሉ ትርፉ ላይ ነው፤ ያለ እሱም ልጁ ይድን የነበረበት ጨረር፣ ያለ እሱ ይበቃ የነበረው አምስተኛ ዙር። ትርፉ ምን ያህል እንደሆነ ደግሞ ሕክምናው ሳይጀመር ሊታወቅ አይችልም።

ያለፉት ሃያ ዓመታት ሥራ ትልቅነቱ እዚህ ላይ ነው። በአውሮፓ ከ2,000 በላይ ልጆች በተካፈሉበት፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2013 በተመዘገቡበት ጥናት፣ ውሳኔው ሁለት ዙር ኬሞ እስኪሰጥ ድረስ ይቆይ ነበር። ከዚያ ልጁ በትንሹ ራዲዮአክቲቭ የሆነ ስኳር ይወጋና በፔት ስካን ይታያል። ሕያው ዕጢ ስኳሩን ይስባል፣ ምስሉ ላይ ይበራል። ካልበራ ጨረሩ ይቀራል፤ ከበራ ይሰጣል። ይህን አሠራር የማደንቀው መሣሪያው ስለረቀቀ ብቻ አይደለም። አስቀድሞ ማወቅ የማይቻለውን ነገር አውቃለሁ ከማለት ተቆጥቦ፣ አካሉ ራሱ እስኪናገር መጠበቅን ሥርዓት አድርጎታል። መጠበቁ ደግሞ ስንፍና አይደለም፤ በሚጠበቅበት ጊዜ ሕክምናው እየሄደ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ማሽኑም ሆነ ስካኑ በሌለበት፣ ከእኛ ብዙም ሳይርቅ አንድ ነገር ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1957 ካምፓላ፣ ሙላጎ ሆስፒታል ውስጥ ዴኒስ በርኪት የተባለ አየርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም መንጋጋው በሁለቱም ወገን ያበጠ አንድ ሕፃን እንዲያይ ተጠራ። በሽታው ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ ወባ በሚበዛበት ቆላ ያሉ ልጆችን የሚያጠቃ ሊምፎማ ነው። ቢላዋ አልጠቀመውም። የጨረር ማሽን በዚያ አልነበረም። የቀረው ከውጭ የሚላክለት ጥቂት ኬሞ ነበር። ሰጠው። መንጋጋውን የሞላው ዕጢ በቀናት ውስጥ ሲሟሟ አየ፤ ከልጆቹ አንዳንዶቹ በአንድና በሁለት መርፌ ብቻ ለብዙ ዓመታት ኖሩ። ይህ ዕጢ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ በእጥፍ ሊያድግ ስለሚችል፣ በቀን አንዴ የሚሰጥ ጨረር ከሥሩ ሊደርስበት አይችልም። ማሽን የነበራቸው አገሮች ገና ጨረርን በሚያስቀድሙበት ዘመን፣ መድኃኒት ብቻውን የልጅን ጠጣር ዕጢ ሊያድን እንደሚችል ካሳዩት ቦታዎች አንዱ ማሽን የሌለው ካምፓላ ነው። ድህነትን ለማመስገን አይደለም ይህን የምጽፈው። በርኪት ቢኖረው ኖሮ ሁሉንም ይፈልግ ነበር፤ በዚያ ሳሉ የሞቱት ልጆችም ከዳኑት ይበዛሉ።

አገራችን ላይ ቁጥሩ ሌላ ትርጉም ይይዛል። ለረጅም ዓመታት በመላ ኢትዮጵያ ጨረር የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ያውም በኮባልት ማሽን፣ ወራት በሚጠይቅ ወረፋ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አዳዲስ ማሽኖች ገብተዋል፣ በክልል ከተሞችም መከፈት ጀምሯል። ይህ ደስ ያሰኛል። ልጁ ግን ወደዚያ ከመድረሱ በፊት የሚያልፈው መንገድ አለ። አንገቱ ላይ ንፍፊት ይወጣል። ቲቢ በበዛበት አገር መጀመሪያ የሚታሰበው ቲቢ ነው፤ የቲቢ መድኃኒት ለወራት ይወስዳል። ሳይሻለው ሲቀር ናሙና ይወሰዳል፤ ያን ጊዜ በሽታው ደረት ገብቷል። ከዚያ አዲስ አበባ። እናት ሌሎቹን ልጆች ለአያት ትታ፣ አባት በሬ ሸጦ። በወላጆች የተመሠረተው «ተስፋ አዲስ» የተባለው ድርጅት ከገጠር ለመጡት ማደሪያ ባይሰጥ ብዙዎቹ ሁለተኛውን ዙር አያዩትም ነበር።

ኬሞው ይጀመራል፤ በሁለት ዙር ንፍፊቱ ይጠፋል። ልጁ ይበላል፣ ይጫወታል። ቤተሰቡ ድኗል ብሎ ወደ አገሩ ይመለሳል። አውሮፓ ውስጥ ጨረሩ እንዲቀር የሚያደርገው ያው ምልክት፣ የሁለት ዙር መልስ፣ እዚህ ሕክምናው በሙሉ እንዲቋረጥ ያደርጋል። ይህን ባሰብሁ ቁጥር አዝናለሁ። አካሉ በሁለቱም ቦታ የተናገረው አንድ ነገር ነው፤ የሚያዳምጠው ግን ተለያየ።

ከመቶው ውስጥ ጨረሩ ስለሚጠቅማቸው ስለ አራቱም ልጆች እንዲሁ ነው። ጨረሩን መተው ያን ያህል ቀላል የሆነው በሽታው ቢመለስ ሁለተኛ ሕክምና ስላለ ነው፤ ጠንካራ ኬሞ አለ፣ የራሱን የመቅኔ ሕዋስ አስቀምጦ መልሶ መስጠት አለ። ያ ሁለተኛ ዕድል በሌለበት ወይም በጭንቅ በሚገኝበት ቦታ አራቱ ልጆች አራት ሞት ሊሆኑ ይችላሉ። እንግዲያው እዚህ ጨረር ይብዛ? ይህም አይከተልም። ወረፋው ሦስት ወር ከሆነ፣ ማሽኑ አሮጌ ከሆነና ዕጢውን ከጤናማው አካል አጥብቦ የማይለይ ከሆነ፣ የምንሰጠው ጨረር ጥናቱ ላይ የተጻፈው ጨረር አይደለም። ከውጭ መጽሔት ላይ መልሱን ብቻ ቀድተን ብናመጣ፣ መልሱ የቆመበት መሬት አብሮት አይመጣም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግብ በካንሰር ከሚያዙ ልጆች በ2030 ቢያንስ 60 በመቶው እንዲድኑ ይፈልጋል፤ በሀብታም አገሮች ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ። ወደዚያ ለመድረስ እኛ ዘንድ የመጀመሪያው ሥራ ከኬሞና ከጨረር የቱ ይሻላል የሚለው አይመስለኝም፤ የተጀመረው እንዲጨረስ ማድረግ ነው፤ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ፣ እናት ማደሪያና ትራንስፖርት ሳታጣ። ከዚያ በኋላ ነው ምን ያህሉ ትርፍ ነበር ብለን በንጹሕ ልብ መጠየቅ የምንችለው።

የሚድኑ ልጆች አሁንም አሉ፣ እየበዙም ይሄዳሉ። ለእነሱ ዛሬውኑ ሊደረግ የሚችልና ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ነገር አለ፤ ሕክምናው ሲያልቅ የሚሰጥ ወረቀት። የሆስፒታል ካርድ ይጠፋል፣ ሐኪም ይቀየራል፣ ልጁ አድጎ ሌላ ከተማ፣ ምናልባትም ቤይሩት ወይም ዋሽንግተን ይኖራል። ወረቀቱ ላይ የበሽታው ስምና ደረጃ ይጻፍ፤ የተሰጠው መድኃኒት ሁሉ በስሙ፤ ዶክሶሩቢሲን በጠቅላላ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ፣ በአካሉ ስፋት በስኩዌር ሜትር 250 ከደረሰ ወይም ካለፈ ልቡ በየጊዜው በአልትራሳውንድ መታየት እንዳለበት፤ ጨረር ከነበረም የት እንዳረፈና ስንት ግሬይ እንደነበረ። ደረቷ ላይ ጨረር የተሰጣት ልጅ የጡት ምርመራዋ በ25 ዓመቷ ወይም ከጨረሩ 8 ዓመት በኋላ፣ ከሁለቱ በዘገየው እንዲጀመር ይጻፍላት። በአማርኛ ይሁን፤ አፋቸው ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ከሆነ በዚያ። አንዱ ቅጂ ለእናትየዋ ይሰጥ፤ ሁለተኛው መዝገብ ቤት ይቀመጥ፤ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ደግሞ ራሱ ተጠርቶ ሐኪሙ ቁጭ አድርጎ አንድ በአንድ ያንብብለት፤ ለምን እንዲህ እንደተወሰነም የጠየቀውን ሁሉ ይመልስለት።